«ምንም» አትበሉ፤ ገበያ ነው የምትውሉት

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ እናታቸውን ገበያ አግዘው፣ ሰኞ «ምን ትሠራለህ?» ሲባሉ «ምንም» ለሚሉ የጎጃም ልጆች ነው። ዲግሪ ይዛችሁ ሥራ የምትጠብቁ አላችሁ። 12ኛ ክፍል ላይ የቀራችሁም አላችሁ። ሽንኩርቱን የነቀላችሁት እናንተ፣ ባጃጅ ላይ የጫናችሁት እናንተ፣ ሚዛኑን ይዛችሁ የዋላችሁት እናንተ። ታዲያ «ምንም» የምትሉት የቱን ነው?

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳብ ምርመራ ነው። ከወረዳ ወረዳ እየዞርኩ የሰው መዝገብ ሳገላብጥ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ልማዱ ግን አለቀቀኝም። ገበያ ስወጣ ዓይኔ የሚያርፈው ሸራ አንጥፈው፣ ጥቂት መደብ ቲማቲምና አንድ እንቅብ ጌሾ ይዘው የተቀመጡት ላይ ነው። ሒሳባቸውን በልቤ መሥራት እጀምራለሁ። ከዚያ አዝናለሁ። ያንን ሁሉ ድካም ማንም እንደ ሥራ አይቆጥረውም፤ ባለቤቶቹም ጭምር።

የምላችሁ ይኸው ነው፤ የቤታችሁን ገበያ ቁጠሩት። በደብተር፣ በእስክሪብቶ ቁጠሩት።

አንዲት እናት 20 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ይዛ ወጣች እንበል። ኪሎውን በ150 ብር ሸጠች። ማታ ቤት ገብታ «ዛሬስ ተመስገን፣ 3,000 ብር አገኘሁ» ትላለች። ዘሩ 800፣ ማዳበሪያና መድኃኒቱ 400፣ የባጃጅ ደርሶ መልስ 200፣ ቀረጥና ጆንያ 50፣ የዕለቱ ምሳና ሻይ 100 ብር ቢፈጅ 1,550 ብር ወጥቷል። የቀራት 1,450 ነው። በዚህ ላይ ማንም የማይጽፈው የቤተሰቡ ጉልበት አለ። ተከላው፣ አረሙ፣ ነቀላው፣ ማጽዳቱ፣ ገበያ መዋሉ ተደምሮ የአንድ ሰው የ8 ቀን ሥራ ይሁን። 1,450ን ለ8 ስታካፍሉት በቀን 181 ብር ገደማ ይመጣል። በእናንተ አካባቢ የቀን ሠራተኛ ስንት እንደሚከፈለው ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ጋር አስተያዩት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያነሳኋቸው ናቸው። የእናንተን እናንተ ሙሉበት።

ነጭ ሽንኩርቱን ተዉት ማለቴ አይደለም። ቁጥሩ ሲጻፍ የትኛው ቤታችሁን እንደሚያኖር ይታያችኋል። የጓሮ ጌሾ አንዴ ከጸደቀ ዓመት ከዓመት ይቀጠፋል፤ የሚፈልገው ጉልበት ትንሽ ነው። በአንዳንድ ቤት ወጪ ሲሸፈን የነበረው በዚያ ጌሾ ሆኖ ሳለ ምስጋናው ግን ለሽንኩርቱ ይሄዳል። ይህን ሳታውቁ መሬት ብትከራዩ ኪሳራ ልትከራዩ ትችላላችሁ።

ለደብተሩ ትምህርት አያስፈልግም። ቀን፣ የተሸጠው፣ መጠኑ፣ ዋጋው፣ ወጪው፣ ማን ስንት ሰዓት ሠራ። ይኸው ነው። ዱቤ ከሰጣችሁ ስም ጻፉ። ብድር ፈልጋችሁ ጸደይ ባንክም (የድሮው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አብቁተ ማለቴ ነው) ሆነ ሌላ ቦታ ስትሄዱ፣ ዓመት ሙሉ የተጻፈ ደብተር ይዞ መቅረብና ባዶ እጅ መቅረብ አንድ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ከመጣ ወዲህ ገበያ ውስጥ በስልክ የሚከፍል ሰው በዝቷል፤ እሱም ራሱ መዝገብ ይይዝላችኋል። ኢንተርኔት ሲጠፋ በ*127# ይሠራል። ብቻ የእናታችሁን ብር በእናንተ ቁጥር አትቀበሉ። እሷ ስልክ ካላት በእሷ ስም ይከፈትላት፤ ከሌላት ደግሞ ለገበያው ብቻ የሚሆን ቁጥር ለዩ። የእናትና የልጅ ብር ሲቀላቀል ፍቅር ስላለ ማንም አይጠይቅም። ካልተጠየቀ ደግሞ ያልቃል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የጎጃም ገበያ የሚሄደው በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን ጾምና በዓል በምታወጣበት ቀመር ነው። ማኔጅመንት የተማራችሁ ልጆች ይህ የመሪጌታ ጉዳይ ይመስላችኋል። አይደለም፤ የእናንተም ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት እንቁላልና ቅቤ የሚገዛ ሰው ይጠፋል፣ ዶሮም ይረክሳል። ሽሮና ምስር፣ ድንች፣ ጎመን፣ ተልባና ኑግ ይፈለጋሉ። በፋሲካ ዋዜማ ሁሉም ይገለበጣል። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና፣ ፍልሰታም በነሐሴ እንዲሁ ገበያውን ይለውጣሉ። እናቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁታል። የሚቸግራቸው በጾሙ መካከል ብር ሲያጥራቸው ቅቤውንም ዶሮውንም በተገኘው ዋጋ መስጠታቸው ነው። እናንተ የምታግዟቸው እዚህ ላይ ነው። ቅቤው ተነጥሮ ቢቀመጥ ጾሙን ያልፋል። አውራ ዶሮ ጾሙ ከገባ በኋላ በርካሽ ተገዝቶ፣ ተቀልቦ ለፋሲካ ቢወጣ ትርፍ አለው። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ብር ከጾሙ በፊት መቀመጥ አለበት፤ የእቁብ ዕጣ ለዚያ ጊዜ ቢደርስ እንዴት ያለ ነገር ነው!

ፋሲካ ግን ይዘዋወራል። ቶሎ ሲመጣ መጋቢት 26፣ ሲዘገይ ሚያዝያ 30 ይውላል። ከ1 ወር በላይ ልዩነት ነው። ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ችግኙ ማሳ ላይ ከተተከለ በኋላ ለመድረስ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል። ለዶሮ ወጥ የሚሆን ሽንኩርት ለፋሲካ ላድርስ ያለ ሰው ወደ ኋላ ቆጥሮ መትከል አለበት። በቶሎ ፋሲካ ዓመት የዘገየ ተካይ ሽንኩርቱን የሚነቅለው በዓሉ አልፎ፣ ዋጋው ወርዶ ነው። እንግዲህ የዓመቱ በዓላትና አጽዋማት ሲወጡ ከማሳው ፕላን ጋር አንድ ላይ ጻፏቸው።

ሁሉም እንዲሁ ካሰበ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። መራዊ አካባቢ ያሉ ልጆች ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራ ነው። ውሃው ሲለቀቅ ጎረቤት ሁሉ በአንድ ሳምንት ይተክላል፣ በአንድ ሳምንት ይነቅላል። ከዚያ ደላላ ዋጋውን እንደፈለገ ይሰብረዋል። ገበሬው ማስቀመጫ የለውም፤ ሽንኩርቱ እየበሰበሰ ከደላላ ጋር መከራከር አይቻልም። መድኃኒቱ አስቸጋሪ ነው ግን ይቻላል፤ ጎረቤታሞች ተመካክረው መትከያውን በሁለት በሦስት ሳምንት ማፈራረቅ። ሽንኩርቱም አንገቱ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ አይግባ። ጥላ ሥር፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ተዘርግቶ ሲደርቅ ገበያ እስኪሻል ይቆያል። መኪናውንም አብራችሁ ተከራዩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል እንዲህ ላለው ነው።

ስለ ጥራት ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ የማውቃቸውን ላንሳ።

ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ አንዲት ሴት ዛላ በርበሬ ስትለቅም ቆሜ አይቻለሁ። ዛላውን በጭራው ትይዝና ጆሮዋ አጠገብ ታንቀሳቅሰዋለች። ዘሩ ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል፤ ወደ እንቅቡ ይገባል። ካልተንኳኳ ትሰነጥቀዋለች። ውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ ሻጋታ ካለው ለብቻ ፌስታል ውስጥ ትጥለዋለች። አጠገቧ የተቀመጠ ጎልማሳ «ለማስፈጨት እኮ ይሆናል» አላት። ቀና ብላም አላየችው። ያቺ ሴት ስሟን አላውቅም፤ በርበሬ ስፈልግ ግን የምሄደው እሷ ጋ ነው።

ልክ ነበረች። የሻገተ በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። ጉበት ይጎዳል፣ ወጥ ሲበስልም አይጠፋም። ሲፈጭ ሻጋታው ከዓይን ይሰወራል እንጂ የትም አይሄድም። ቡሬም ጃቢ ጠህናንም በበርበሬ የታወቁ ናቸው፤ ይህን ስም የሚያበላሸው ለሚዛን ብሎ በርበሬ ላይ ውሃ የሚረጭ ሰው ነው። በርበሬ መሬት ላይ አይሰጣ፤ ሸራ ወይም ቆጥ ይሠራለት። ለሊት ይሸፈን። በአንድ ጆንያ ላይ የሚመጣ ትንሽ ክብደት ብላችሁ የሰው ጉበት አትንኩ።

ድንች ፀሐይ ላይ አታውሉ። ብርሃን ሲመታው አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመርራል፣ ለጤናም መጥፎ ነው። አረንጓዴ የሆነው ለዘር ይሁን። ለሽያጭ ያለውን በጆንያ ሸፍናችሁ ጥቂት ጥቂት አውጡ።

ማር ላይ ደግሞ ደንበኛ አስተምሩ። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ብርድ ሲያገኘው ይረጋል። የከተማ ሰው ያንን ሲያይ «ስኳር ገብቶበታል» ብሎ ይሄዳል። ንጹህ ማርም ይረጋል። ዕቃውን ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ እሳት ላይ አይጣድ። ይህን በትዕግሥት ያስረዳ ልጅ ደንበኛ ያገኛል። የተቆጣ ደግሞ ማሩን ይዞ ይመለሳል።

ስለ ሚዛን አጭር ነገር ልናገር። ታቹ ወደ ውስጥ የገባ ጣሳ ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ጣሉት። እናታችሁ የገዛችው እንደዚያው ሆኖ ቢሆንም ጣሉት። ምርቃት ስጡ፤ ምርቃቱ ግን ከሞላ ጣሳ በላይ ይሁን። ጉሊት ላይ የምትቀመጥ ቤተሰብ ማስታወቂያ የላትም፣ ሱቅ የላትም። ያላት በየሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ነው። ያ ሰው አንዴ ቤቱ ሄዶ ከመዘነና ከጎደለበት እናንተን አይወቅስም፤ ዝም ብሎ ቀጣዩ መደብ ጋ ይሄዳል።

ንግድ በእኛ አገር እንደ እርሻ አልተከበረም ነበር፤ ሽማግሌዎች ዛሬም «ነጋዴ» ሲሉ ድምፃቸው ይለወጣል። ግን ጎጃም የትልቅ ገበያ አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው ቡናና ወርቅ ከሰሜኑ አሞሌ ጨው ጋር የሚገናኝበት ነበር። በየቤቱ ጓሮ የሚበቅለውን ይዞ ሸማች ፍለጋ መውጣት ከዚያ የመጣ ሙያ ነው። ልታፍሩበት አይገባም።

ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ያለው ጦርነት ነገሩን አክብዶታል። መንገድ ሲዘጋ ቲማቲም እደጅ ይበሰብሳል። ሠርታችሁ ባጣችሁት ነገር ራሳችሁን አትውቀሱ። ግን ሁሉን ብራችሁን በሚበላሽ ነገር ላይ አታውሉ። ከቲማቲሙ ጎን የሚቆይ ነገር ይኑር። ደረቅ በርበሬ፣ ጌሾ፣ ማር፣ ተልባ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። በማይመች ቀን ደግሞ እናታችሁን ብቻዋን አትላኩ። ለአንድ ገበያ ተብሎ የሰው ነፍስ አይጣልም።

የመጨረሻው ነገር ለወንዶቹ ነው። በብዙ ቤት ሌሊት ተነስታ ጎመኑን የምትቆርጠው፣ እንቁላሉን በጭድ ውስጥ የምትደረድረው፣ ተሸክማ የምትሄደው እኅታችሁ ናት። ብሩን የምትቀበሉት ግን እናንተ ናችሁ። ደብተሩን ስትጀምሩ ሰዓቷ ከእናንተ ሰዓት እኩል ይጻፍ። በወሩ መጨረሻ ወጪው ተቀንሶ የተረፈውን በሰዓቱ ልክ አካፍሉና ድርሻዋን በእጇ ስጧት። እቁብ ትግባበት፣ ጫማ ትግዛበት፣ ኮሌጅ ትመዝገብበት፣ እሱን እሷ ታውቃለች።