ማን ጠራችሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ፤ በነርስነት ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በአጥቢያችን የወጣቶች ኅብረት ውስጥ አገለግላለሁ። አንድ የኅብረታችን ወንድም ከውጭው ዓለም ጋር ግንኙነት ወደሌላቸው፣ እኛ «ያልተደረሱ» ወደምንላቸው ሕዝቦች የመሄድ ሸክም እንዳለበት ስለነገረን ለጉዞው መዋጮ እያሰባሰብን ነው። በአንድ ስብሰባችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 በሕንድ አንዳማን ደሴቶች ስለተገደለው አሜሪካዊ ወጣት ሲነሳ ግማሹ ሰው ሰማዕት ነው አለ፤ እኔና ጥቂቶች ዝም አልን። ነርስ በመሆኔ የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ ለወንድማችን እንዴት እንደምነግረው ግን ግራ ገብቶኛል። ወንጌልን አለማድረስ ኃጢአት አይሆንብንምን? ሄዶ ማድረስስ በደል ሊሆን ይችላልን? (ብ.፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ልጄ ብ.፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የዚያ ወጣት ሞት ዜና ዓለምን ያዳረሰው ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር፤ ቀኑን የማልረሳበት ምክንያት አለኝ። በዚያ ማለዳ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስወርድ በየአጥሩ ሥር የተከመረው ቆሻሻ ይጨስ ነበር፤ ኅዳር ሲታጠን ነው። ማታ ዜናውን ስሰማ ነጠላዬ ገና ጭስ ጭስ ይል ነበር። አንቺም በልጅነትሽ ቅጠል ሰብስበሽ አቃጥለሽ ይሆናል፤ የሚታጠነው ግን በኅዳር 1911 ዓ.ም. ይህችን ከተማ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ያረገፋት ኢንፍሉዌንዛ መታሰቢያ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። ያንን በሽታ ወደ እኛ ያመጣው የጠላት ጦር አልነበረም፤ በሰላም የመጣ፣ ምናልባትም በሰላምታ የተሳመ መንገደኛ ነው። እንግዲህ ጉንፋንን ከጥንት የሚያውቅ፣ ገበያና ባቡር ያለው ከተማ እንዲህ ከሆነ፣ ጉንፋንን ጨርሶ የማያውቅ ሕዝብ ምን እንደሚሆን አስቢው።

ነርስ በመሆንሽ የከነከነሽ ይኸው ነው ብዬ እገምታለሁ። ኩፍኝ ወይም ኢንፍሉዌንዛ በእኛ ሰፈር ሲገባ ግማሹ ሰው በልጅነቱ ታሞ ወይም ተከትቦ ስላለፈ አንዱ ሲተኛ ሌላው ያስታምማል። የመከላከያ አቅም ባልነበረው ትንሽ ሕዝብ ውስጥ ግን እናትም፣ ልጅም፣ አዳኙም፣ ውኃ ቀጂውም በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው ይወድቃሉ። ብዙውን ሰው የሚገድለው ቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ ውኃ የሚያቀብል፣ እሳት የሚያነድ፣ ሕፃኑን የሚያጠባ እጅ መጥፋቱም ነው። ይህ በአማዞን ደን በተደጋጋሚ ታይቷል።

ጆን አለን ቻው የተባለው ያ ወጣት የ26 ዓመት ሰው ነበር። ሴንቲነሎች የተባሉት ሕዝብ ከውጭው ዓለም ተነጥለው ወደሚኖሩባት ወደ ሰሜን ሴንቲነል ደሴት መቅረብ በሕንድ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ለዓሣ አጥማጆች 25,000 ሩፒ ከፍሎ በሌሊት ተወሰደ። ፍቅር አልነበረውም አልልም፤ ለዓመታት ተዘጋጅቷል፣ ክትባቶችን ወስዷል፣ ከጉዞው በፊት ራሱን ለይቶ አቆይቷል። ነገር ግን እኔና አንቺ የምናውቀውን መናገር አለብን፦ እርሱ የወሰደው ክትባት በቅድሚያ የሚጠብቀው ራሱን ነው፤ የማስተላለፍ ዕድሉን ቢቀንስም እነርሱን ሙሉ በሙሉ አይጠብቅም፤ ጤነኛ ሰው በጉሮሮው ይዞት የሚዞረውን ሁሉ የቀናት መለየት አያጠራውም። በመጀመሪያው ቀን ሲቀርብ የተወረወረ ቀስት የያዘውን መጽሐፍ ቅዱስ መታው፤ ያን ጊዜ ወደ ጀልባው ተመለሰ፤ እንደገና ግን ሄደ። ልጄ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ እንደገና መሄዱ ነው። ያ ቀስት መልስ ነበር። ቋንቋቸውን ማንም ባያውቅም መልሱን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም ነበር።

ይህ መልስ ደግሞ የአውሬነት ወይም ያለማወቅ መልስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሞሪስ ፖርትማን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ደሴቲቱ ገብቶ ሁለት አረጋውያንንና አራት ሕፃናትን በኃይል የእንግሊዞች ሰፈር ወደነበረችው ወደ ፖርት ብሌር ወሰደ። ሁሉም ወዲያው ታመሙ፤ ሽማግሌውና ሽማግሊቱ ሞቱ፤ አራቱ ሕፃናት ስጦታ አሸክመው ወደ ደሴታቸው ተመለሱ፤ ይዘውት የተመለሱት በሽታ ምን እንዳደረሰ የመዘገበ የለም። በአጎራባቾቹ ደሴቶች ይኖሩ የነበሩት «ታላላቅ አንዳማኖች» የተባሉት ሕዝቦች ደግሞ እንግሊዞች ሲሰፍሩ በሺዎች ይቆጠሩ ነበር፤ ዛሬ የቀሩት ሃምሳ ገደማ ናቸው። ሴንቲነሎች ለምን እንግዳ አንፈልግም እንዳሉ ለሚጠይቅ ሰው ይህን ብቻ ማሳየት ይበቃል።

ለወንድማችሁ ፍርደ ገምድል እንዳልሆንበት ሌላውንም ወገን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በጥር 1956 በኢኳዶር ደን አምስት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን በዋኦራኒ ሕዝብ ጦር ተገደሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአንዱ ሚስትና የሌላው እህት ወደ ገዳዮቹ ሄደው አብረዋቸው ኖሩ፤ ነገር ግን የሄዱት ከዚያው ሕዝብ የወጣች ዳዩማ የተባለች ሴትና ወገኖቿ መንገዱን ከከፈቱላቸው በኋላ ነው። በዋኦራኒዎች መካከል ትውልድ ያጠፋ የነበረው የደም ብቀላም በእጅጉ ቀነሰ። ይህን መካድ አልችልም፤ የቂም በቀል ሞት ምን እንደሚመስል እዚህ አገርም የሚያውቅ ያውቀዋል። ሆኖም ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ከሰፊው መሬታቸው ወደ ጠባብ ሰፈር ተሰበሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ፖሊዮ ገብቶ ከመካከላቸው ገደለ፣ ሌሎችንም አሽመደመደ፤ በለቀቁት መሬት ላይ የነዳጅ ኩባንያዎች ገቡ። በብራዚልም ዞኤ በተባሉት ሕዝብ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ሚስዮናውያን ቋሚ ሰፈር ካቋቋሙ በኋላ ኢንፍሉዌንዛና ወባ ብዙ ሰው ፈጀ፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 ሚስዮናውያኑን አስወጣቸው። እነዚያ ሚስዮናውያን ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር።

የጌታን ትእዛዝ በተመለከተ፣ እኔ የሥነ መለኮት ሰው አይደለሁም፤ መጽሐፉን ግን አነባለሁ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የቀረበው ታሪክ የጃንደረባው ነው። ፊልጶስ በሠረገላው አጠገብ እየሮጠ ጠየቀው፤ ወደ ሠረገላው የወጣው ግን ጃንደረባው ራሱ ወጥቶ አጠገቡ እንዲቀመጥ ከለመነው በኋላ ነው። ሐዋርያትም ሲላኩ የማይቀበላቸው ቤት ካለ የእግራቸውን ትቢያ አራግፈው እንዲወጡ ተነገራቸው እንጂ በሌሊት ተመልሰው እንዲገቡ አልተነገራቸውም። አገራችንም ሁለቱንም ዓይነት መልእክተኛ አይታለች። አቡነ ሰላማ ወደ አክሱም የደረሱት በሰባኪነት አልነበረም፤ በልጅነታቸው ከመርከብ ተማርከው በቤተ መንግሥት ዓመታት አገልግለው፣ ቋንቋውንና ሰዉን አውቀው፣ ከተፈቀሩ በኋላ ነው ጳጳስ የሆኑት። እ.ኤ.አ. በ1625 የመጣው ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ንጉሡን ይዞ ሕዝቡን እንደገና ላጥምቅ፣ ካህናቱን እንደገና ልሹም አለ። አገሩ በደም ታጠበ፤ ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 የአባቶቻችሁን ሃይማኖት ያዙ ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስከ መልቀቅ ደረሱ። ሁለቱም ስለ ክርስቶስ መጣን ብለዋል።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምር። በ1978 ዓ.ም. ከክትባት ቡድን ጋር ወደ ኦሞ ወንዝ ዳርቻ ወርጄ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለ መንደር ደርሰን በረዶ የያዘውን የክትባት ሣጥን ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥን። አንድ ሽማግሌ በበርጩማው ላይ እንደተቀመጠ በአስተርጓሚ «ማን ጠራችሁ?» አለን። መንግሥት ልኮን ነው አልን። «መንግሥት የእኔ ልጅ መታመሙን በምን አወቀ?» አለና ዝም አለ። ሁለት ቀን ጠበቅን። የቡድን መሪያችን በረዶው መቅለጡን እያየ እንደምንም ልጆቹን ሰብስበን እንውጋ ይል ነበር፤ እኔም ወጣት ስለነበርኩ በልቤ ደግፌዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ሣጥኑን ስከፍተው በረዶው ለብ ያለ ውኃ ሆኖ ብልቃጦቹ ተንሳፍፈዋል። መድኃኒቱን ጥለን ተመለስን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንመለስ የልጅ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ መጀመሪያ የቀረበው ያው ሽማግሌ ነበር፤ ከእርሱ ኋላ መንደሩ ሁሉ ተሰለፈ። በመካከሉ በነበሩት ሳምንታት ኩፍኝ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምን እል ነበር? ይህን እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። ቢሆንም ያ ሕዝብ እምቢ ማለት፣ ቆይቶም እሺ ማለት ይችል ነበር፤ በሽታ ቢገባም ሐኪም ቤት የሚያደርስ መንገድ ነበረው። ሴንቲነሎች አንዱም የላቸውም።

ስለዚህ ጥያቄሽን በቀጥታ ልመልስ። ወንጌልን መስበክ በደል አይደለም። እምቢ ያለ፣ ለበሽታሽ መድኃኒት የሌለው፣ ብትሳሳቺ ሊከስሽ የማይችል ሕዝብ ላይ መግባት ግን በደል ነው፤ የገባው ሰው ነፍሱን አሳልፎ ስለሰጠ ብቻ በደሉ አይሰረይም፤ አደጋ ላይ የጣለው የራሱን ነፍስ ብቻ አይደለምና። ሰማዕት በራሱ ደም ይመሰክራል፤ የሌላውን ሕፃን ሳንባ ግን ለምስክርነት ማዋል አይችልም። ወንድማችሁን በስብሰባ ፊት አታሳፍሪው፤ ለብቻው ቡና ጋብዢውና ስለ ኩፍኝ ንገሪው። ኩፍኝ በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዛመት ከአንቺ የተሻለ የሚያስረዳው የለም። መዋጮውንም ቢሆን ሰጪዎቹን ሳትጠይቁ ወደ ሌላ ጉዳይ አታዙሩት፤ መልሳችሁ ጠይቋቸው። የሚጠራው መንደር ከዚህ ከተማ በአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ላይ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የታሪክ መምህር ነኝ። የተገለሉ ሕዝቦችን «አትንኳቸው» የሚለው አቋም ሰዎችን ከመድኃኒትና ከትምህርት አርቆ እንደ ፓርክ እንስሳ ማጠር አይሆንምን? የእኛን የደቡብ ኦሞ ሕዝቦችስ በዚሁ ዓይን ልናይ ነው? (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ መምህር፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ከኋለኛው ልጀምር፦ የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ከዓለም የተገለሉ አይደሉም። ጂንካ ገበያ ይወርዳሉ፣ ግብር ይከፍላሉ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ናቸው። ለእነርሱ ተገቢው ነገር እንደ ማንኛውም ዜጋ መጠየቅና መደመጥ ነው፤ ፎቶግራፍ ለማንሳት ብቻ የሚመጣው ቱሪስትም ይህን ቢያስብበት እወዳለሁ። መንግሥት ለሚስዮናውያን ድንበር ማበጀቱም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1936 ዓ.ም. የወጣው ደንብ አገሩን ለሚስዮን ክፍት በሆነና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሆነ ክልል ከፍሎት ነበር።

«አትንኳቸው» የሚለውን መመሪያ ያወጡት ግን ከሩቅ ሆነው የሚፈርዱ ምሁራን አልነበሩም። ብራዚል ለብዙ ዓመታት የመንግሥት ሠራተኞቿን ወደ ደኑ እየላከች ስጦታ በዛፍ ላይ እየሰቀለች ሰዎቹን ታባብል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ይህን አሠራር የቀየረችው ሲድኒ ፖሱኤሎን የመሳሰሉ፣ ራሳቸው ያባበሉና ከግንኙነቱ በኋላ የሚሆነውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በቃን ስላሉ ነው። መመሪያው መሬታቸውን ከእንጨት ቆራጭና ከማዕድን ፈላጊ ይጠብቃል፤ ራሳቸው ሲወጡ ግን የሚከለክላቸው የለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 ከፔሩ ጋር በሚያዋስነው በአክሬ ግዛት ጥቂት ወጣቶች በገዛ ፈቃዳቸው ከደኑ ወጥተው ወደ አንድ የአሻኒንካ ሕዝብ መንደር መጡ። ወዲያውኑ ኢንፍሉዌንዛ ያዛቸው፤ የመንግሥት የጤና ቡድን ደርሶ አከማቸው፣ ከተባቸው፤ ከዚያም ወደ ደናቸው ተመለሱ። እንዲህ ያለው ቡድን እንዲደርስ ግን ማንም ባይመጣም ዓመቱን ሙሉ ነቅቶ የሚጠብቅ ሐኪም፣ ሥልጡን አስተርጓሚ፣ በበረዶ የተያዘ ክትባት ያስፈልጋል። ስለ መድኃኒት መነፈግ የምንነጋገር ከሆነ መጠየቅ ያለበት ይህ በጀት ነው።