«ጌት» ማግኘት ብቻ ነው እንዴ? ጥያቄና መልስ

እንግሊዝኛ ሳስተምር «ጌት» የተባለውን ግስ ያህል ተማሪዎቼን ያስቸገረ ቃል አላየሁም። አጭር ናት፣ የሌለችበት ቦታ ደግሞ የለም። የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ።

መዝገበ ቃላቱ «አገኘ» ይለኛል። ታዲያ «ጌት ታየርድ» ድካም ማግኘት ነው?

አይደለም እህቴ። «አገኘ» ከብዙ ትርጉሞቿ አንዱ ነው። ከ«ጌት» በኋላ ቅጽል ከመጣ ነገሩ ለውጥ ነው፤ ቀድሞ ያልነበረው ሆነ ማለት ነው። እኛ ይህን በግሱ ብቻ እንጨርሰዋለን፤ ደከመ፣ ተናደደ፣ አረጀ፣ መሸ። እንግሊዝኛ ግን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። «ኢት ኢዝ ዳርክ» ካሉ ጨልሟል። «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ» ካሉ ገና እየጨለመ ነው። በ«ጨልሟል» እና በ«እየጨለመ ነው» መካከል ያለውን ልዩነት ከያዝሽ ግማሹን ጨርሰሻል።

ስልኬን ጥገና ቤት አሠርቼ «አይ ሪፔርድ ማይ ፎን» አልኩ። ጓደኛዬ «ጥገና ትችላለህ?» አለኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው፤ ምክንያቱም መልሱ እዚሁ አማርኛችን ውስጥ አለ። «ሠራሁ» ሌላ፣ «አሠራሁ» ሌላ ነው አይደል? አንዲት «አ» ሥራውን ከአንተ እጅ አውጥታ ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች። እንግሊዝኛ ይህችን «አ» የለውም። በእሷ ፋንታ «ጌት»ን (ላለፈ ነገር «ጎት») ያመጣል፦ «አይ ጎት ማይ ፎን ሪፔርድ»። ቅደም ተከተሉን ልብ በል። ዕቃው መሃል ይገባል፣ ፓስት ፓርቲሲፕሉ (የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ፣ እዚህ «ሪፔርድ») መጨረሻ ይመጣል። «አይ ጎት ሪፔርድ ማይ ፎን» ካልክ ተበላሸ።

የሠራውን ሰው መጥራት ከፈለግህ «ቱ» ትጨመራለች፦ «አይ ጎት ሂም ቱ ሪፔር ኢት»። ጠይቄ ወይም አሳምኜ አሠራሁት እንደማለት ነው። «አይ ሜድ ሂም ሪፔር ኢት» ግን ግዳጅ አለበት፣ «ቱ»ም አይፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እኛ «ስልኬን ተሰረቅኩ» እንላለን። ቃል በቃል ገልብጠን «አይ ወዝ ስቶለን» ካልን ግን ሌባው የወሰደው እኛኑ ነው! «አይ ሀድ ማይ ፎን ስቶለን» በል። በንግግር «ጎት»ም ይሉታል።

«ጌት ማሪድ ዊዝ» ነው ወይስ «ቱ»?

«ቱ»። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል ነው «ዊዝ» አፋችን ላይ የሚመጣው። «ጌት»ን ካወጣሃት ደግሞ ሁለቱም አያስፈልጉም፦ «ሂ ማሪድ ሀር»።

መኪና ላይ «ጌት ኢን»፣ አውቶቡስ ላይ «ጌት ኦን» የሚባለው ለምንድን ነው?

ውስጡ ቆመሽ መራመድ ከቻልሽ «ኦን» ነው፤ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን። ጎንበስ ብለሽ የምትገቢበት መኪና «ኢን»። ፈረስና ብስክሌት ላያቸው ላይ ስለሚወጣ «ኦን»። ስትወርጂ ከ«ኦን» «ጌት ኦፍ»፣ ከ«ኢን» «ጌት አውት ኦቭ» ይሆናል።

«አይቭ ጎት ቱ ሲ ሂም» እና «አይ ጎት ቱ ሲ ሂም» አንድ ናቸው?

በጣም ይራራቃሉ። የመጀመሪያው «ላየው ይገባል፣ ግዴታ ነው»። ሁለተኛው «እሱን የማየት ዕድል አገኘሁ»። ልዩነቷ «ቭ» ብቻ ናት። ችግሩ በፈጣን ንግግር ይህችም ትዋጣለች፣ ጭራሽ «ጋታ» ይሆናል። ያኔ ከፊትና ከኋላ ያለውን ወሬ ማዳመጥ ነው።

«ጎተን» ስህተት ነው ተባልኩ። እውነት ነው?

ስህተት አይደለም። የ«ጌት» የቆየ ሦስተኛ ቅርጽ ነው። «ጌት» ራሱ ከጥንታዊ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ የገባው 1200 አካባቢ ነው። ዛሬ ብሪታኒያ ውስጥ በብዛት «ጎት» ይላሉ፣ አሜሪካኖች «ጎተን»ን ይዘውታል። «ፎርጎተን» (የተረሳ) ላይ ግን ሁለቱም ይስማማሉ። አሜሪካኖቹ ጥሩ ጥቅም አግኝተውበታል፦ «አይቭ ጎት ኤ ካር» መኪና አለኝ፤ «አይቭ ጎተን ኤ ካር» መኪና አገኘሁ፣ አሁን የእኔ ሆነ።

ለሥራ ማመልከቻ ስጽፍ «ጌት»ን ብጠቀም ያስወቅሰኛል?

አያስወቅስዎትም፣ ግን የንግግር ጠረን አላት። ደብዳቤ መቀበልዎን ሲገልጹ «ሪሲቭ»፣ ለውጥን ሲገልጹ «ቢካም» ቢሉ ይሻላል።

«ዱ ዩ ጌት ኢት?» ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ?

«ገባህ?» ማለታቸው ነው። አማርኛው «ገባኝ» ኃላፊ ጊዜ ቢመስልም፣ ሐሳቡ ከገባህ «አይ ጌት ኢት» በል። ትእዛዝ ወይም ስልክ ቁጥር ነግረውህ «እሺ፣ ይዤዋለሁ» ለማለት ከሆነ ደግሞ «ጎት ኢት» ይበቃል።