ፖሊስ ቢሮ ለልምምድ ለተመደባችሁ ልጆች

የጋዜጠኝነትና ኮሙዩኒኬሽን ተማሪ ለተግባር ልምምድ ሲመደብ ልቡ ያለው ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። «ፖሊስ፣ ሕዝብ ግንኙነት» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ፊቱ ይጠቁራል። በዚያ ቢሮ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ያንን ፊት በደንብ አውቀዋለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ይደብራል። ካሜራ ትሸከማላችሁ፣ የስብሰባ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ሻይ ታዝዛላችሁ። ይሁን፣ ያልፋል።

አንድ ጊዜ አንዲት ተለማማጅ የጻፈችውን ዜና አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ስለ ሞባይል ነጣቂ ነው። አጭር ነው፤ ሰፈሩም ሰዓቱም አለበት። «ወንጀለኛው እጅ ከፍንጅ በቁጥጥር ስር ዋለ» ይላል። «ወንጀለኛው» የምትለዋን በቀይ እስክሪብቶ ከበብኳት።

«ኮማንደር፣ ስልኩ እኮ የተገኘው ኪሱ ውስጥ ነው!» አለችኝ።

ይገኝ። ፖሊስ የያዘው ሰው ተጠርጣሪ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይባላል። ጥፋተኛ የሚያሰኘው የፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ ነው። የተከሰሰ ሰው እንኳ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ይላል። እኛ ዜናውን ስንለቅ ሰውዬው ብዙ ጊዜ የተያዘበት 48 ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ዳኛ ፊት ገና አልቀረበም።

ይህን ክፍል ውስጥ አልተማርኩትም። ጀማሪ እያለሁ በስርቆት የተጠረጠረ ልጅ ፎቶ ለጋዜጣ ሰጠሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ማስረጃ የለም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ፤ ልጁም ተፈታ። እናቱ ጋዜጣውን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጣች። አልጮኸችም። «መፈታቱንስ የምትጽፉት መቼ ነው?» አለችኝ። ጻፍን፤ ውስጥ ገጽ ላይ፣ ሦስት መስመር። ማን ያነበዋል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጽሑፉ ደግሞ ይብሳል። ዛሬማ ፖስቱን ብታጠፉት እንኳ ስክሪንሾቱ ቴሌግራም ላይ ይዞራል።

የተበዳይም ነገር አለ። የተደፈረች ሕፃን ጉዳይ ስትጽፉ ስሟን መተው አይበቃም። «የእንጀራ አባቷ» ብላችሁ የሰውዬውን ስምና ቀበሌውን ከጻፋችሁ፣ ሰፈሩ በሙሉ አወቃት ማለት ነው። ይህን ስህተት አንጋፋዎቹም ይሠሩታል። ስታዩ ዝም አትበሉ፣ «ይህቺ ልጅ አትታወቅም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢበዛ ትገላመጣላችሁ።

ስልክ ደግሞ ይደወላል። አዋጅ 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ሰው ሞቷል ተብሎ ከተማው በሚታመስበት ቀን ግን 30 ቀን ምን ይሠራል? አለቃችሁ ስብሰባ ላይ ነው፣ ጋዜጠኛው አሥረኛ ጊዜ እየደወለ ነው፣ ፌስቡክ ላይ የሟቾቹ ቁጥር በየደቂቃው ይጨምራል። «እየተጣራ ነው» ብሎ ስልክ መዝጋት ይቀናል፤ እኔም ስንት ጊዜ ዘግቻለሁ። ይልቅ አለቃችሁን አስፈቅዳችሁ የተረጋገጠውን ንገሩ፣ ያልተረጋገጠውን አልተረጋገጠም በሉ፣ «10 ሰዓት ላይ እደውላለሁ» በሉ። 10 ሰዓት ላይ አዲስ ነገር ባይኖርም ደውሉ። ጋዜጠኛው ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ እናንተን የሚጠይቀው እንዲህ ስታደርጉ ነው።

የፖሊስ አማርኛ እንዳይጋባባችሁም ተጠንቀቁ። «ልዩ ቦታው እንትን ሰፈር እየተባለ በሚጠራው አካባቢ» ምን ማለት ነው? ሰፈሩ ስም አለው አይደል፣ ስሙን ጻፉት።

በስልካችሁ የታሳሪ ፎቶ አታንሱ፤ ለቲክቶክ ብላችሁማ በፍጹም።

የልምምድ መገምገሚያ ቅጻችሁን ደግሞ ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት። አለቃችሁ ቢፈርም ማኅተም የያዘችው ሴትዮ አርብ ከሰዓት አትገኝም።