ፖላራይዘሩን 45 ላይ አቁመው፣ ከዚያ ከረንቱን ገልብጠው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሳነብ የራሴ የላብ ጊዜ ትዝ አለኝ። ሁለት ፖላራይዘሮችን (በአንድ አቅጣጫ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ ማጣሪያዎችን) በ90 ዲግሪ አቋርጠህ፣ መሃላቸው ኮይል ውስጥ 10 ሴንቲሜትር የውሃ ቱቦ አስቀምጠህ፣ ቀይ ሌዘር አሳልፈህ፣ 20 ሚሊቴስላ ያህል መግነጢሳዊ መስክ ሰጠኸው። ግድግዳው ላይ ግን ምንም ብርሃን አልታየህም። «ዕቃዬ ተበላሽቶ ነው ወይስ ውሃ ብርሃን አያዞርም?» ብለሃል። ዕቃህ ደህና ነው። ውሃም መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲሆን ብርሃኑ የሚንቀጠቀጥበትን አቅጣጫ (ፖላራይዜሽኑን) ያዞራል፤ ይህ የፋራዴይ ውጤት ይባላል። ችግሩ ያለው 90 ዲግሪው ላይ ነው።

መጀመሪያ ስንት እንደምትጠብቅ እወቅ። የቬርዴ ቋሚን (አንድ ቁስ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያዞር የሚናገረውን ቁጥር) በመስኩና ብርሃኑ በሚያልፍበት ርዝመት ስታባዛ የሚዞረውን ማዕዘን ታገኛለህ። የውሃ ቋሚ በቢጫ የሶዲየም ብርሃን 3.8 ራዲያን በቴስላ በሜትር አካባቢ ነው፤ በቀይ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ አንተ ጋ የሚዞረው 0.007 ራዲያን፣ ማለትም 0.4 ዲግሪ ገደማ ነው። ፖላራይዘሮቹ ሲቋረጡ ደግሞ የሚያልፈው ብርሃን የዚህች ትንሽ ማዕዘን ካሬ ነው። ከ100,000 እጅ 5 እጅ ማለት ነው! ርካሽ ፖላራይዘር ሳይፈልግ ራሱ ከዚህ በላይ ብርሃን ያሾልካል። ዓይንህ ባያይ አይፈረድበትም።

አሁን ሁለተኛውን ፖላራይዘር 45 ዲግሪ ላይ አቁመው። ግድግዳውን ተወውና ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ከማጉያ ጋር አድርገህ ቮልቱን በመልቲሜትር አንብብ። እዚህ ቦታ ላይ ለውጡ ከማዕዘኑ ካሬ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከማዕዘኑ ጋር ነው የሚሄደው። ያው 0.007 ራዲያን ከሙሉ ብርሃኑ 100,000 እጅ 700 እጅ ይሆንልሃል። ከ100 እጥፍ በላይ አተረፍክ ማለት ነው። በቁጥር ላሳይህ፦ ያለ ከረንት 2.000 ቮልት ካነበብክ፣ ስትከፍተው 2.028 ይሆናል። ከረንቱን ስትገለብጠው 1.972። የሁለቱ ልዩነት 0.056፣ ድምራቸው 4.000። ልዩነቱን ለድምሩ አካፍል፣ ውጤቱን ለ2 አካፍል፤ 0.007 ራዲያን ይመጣል።

ከረንቱን መገልበጥ ያልኩህን እንደ ቀላል ነገር አትለፈው። እኔ ለመማር አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከረንቱን ከፍቼ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወጣል። ደስ ብሎኝ በየደቂቃው እየመዘገብኩ ግራፍ ሠራሁ። ከዚያ ከረንቱን ሳጠፋው ቁጥሩ አልተመለሰም። ኮይሉን በእጄ ብነካው ያቃጥላል። ለካ ስለካ የሰነበትኩት ሙቀት ነው! ኮይሉ ሲግል የቱቦው መስታወት ይወጠራል፤ የተወጠረ መስታወት ደግሞ በራሱ የብርሃኑን ፖላራይዜሽን ያዛባል። የሌዘሩም ጉልበት ሲሞቅ ይዋዥቃል።

መለያው ቀላል ነው። ኮይል ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው፤ ፕላስ ሆነ ማይነስ አይገደውም። የፋራዴይ ውጤት ግን ከረንቱ ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል፣ ያውም ወዲያው። ስለዚህ 10 ሰከንድ ፕላስ፣ 10 ሰከንድ ማይነስ እያልክ ደጋግም፤ በየመሃሉ ኮይሉን አሳርፈው። ከዚያ ከረንቱን በግማሽ ቀንሰው። ማዕዘኑም በግማሽ ከቀነሰ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነህ።

ተስፋ እንዳትቆርጥ አንድ ነገር ልጨምር። ማይክል ፋራዴይ ራሱ በ1845 ለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ ይህንኑ ሲፈልግ መጀመሪያ ምንም አላየም። አየር ሞከረ፣ ፍሊንት መስታወት ሞከረ፣ ኳርትዝም ሞከረ። መስከረም 13 ቀን፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ቀደም ሲል ለሌላ ሥራ ያዘጋጀውን እርሳስ የበዛበት ከባድ መስታወት አስገባ። ያኔ ታየው። ሌዘር የለ፣ ፎቶዳዮድ የለ፤ በመብራትና በዓይኑ ብቻ። ይህን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። አንተም እንደ ኤስኤፍ-59 ያለ የእርሳስ መስታወት ዘንግ ካገኘህ በቀይ ብርሃን ቋሚው ከ20 ይበልጣል። ከውሃው ስድስት እጥፍ ያህል ይዞርልሃል።

መስኩንም ከኮይሉ ቀመር ብቻ አትውሰድ። ረጅም ኮይል ጫፉ ላይ ያለው መስክ የመሃሉ ግማሽ ገደማ ነው። ቱቦህና ኮይልህ እኩል ርዝመት ካላቸው የመሃሉን ቁጥር ለሙሉው 10 ሴንቲሜትር መጠቀም ቋሚውን ያሳንስብሃል። በሆል ሴንሰር (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) በየሴንቲሜትሩ ለክተህ አማካዩን ውሰድ።

በተለዋዋጭ ከረንት እሠራለሁ ካልክ ደግሞ ለኮይሉ ከረንት ለመስጠት የድምፅ አምፕሊፋየር ይበቃሃል። ከ50 ኸርትዝና ከብዜቶቹ ግን ራቅ፤ የክፍሉ መብራት ገብቶ ይረብሽሃል። እኔ ብሆን መጀመሪያ በቀጥታ ከረንት አይቼው ነው ወደዚያ የምሄደው።

ዛሬ 45 ላይ አድርገህ ሞክረውና የፕላሱንና የማይነሱን ንባብ፣ የኮይልህን ርዝመት፣ ሌዘሩ ላይ የተጻፈውንም የሞገድ ርዝመት እዚሁ ጻፍልኝ። አብረን እናሰላዋለን።