መልስ፦ ከተለያየን ወዲህ ማንበብም አቃተኝ ላልሽው

እህቴ፣ «ሰው ማመን ፈራሁ፤ የምወደውን መጽሐፍ እንኳ ገልጬ አንድ ገጽ አልዘልቅም» ያልሽው አንጀቴን በላው። እንደገና መውደድ ይቻላል፤ በራሴ አይቼዋለሁ። ግን አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ ንባብሽን መልሺ።

ዓይንሽ መስመሩ ላይ ሆኖ ሐሳብሽ እሱ ጋ እየሄደ ካስቸገረሽ ለጊዜው አዳምጪ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሞክሪ። መጨረሻው እንደሚያስለቅስ ታውቂያለሽ፤ ቢሆንም ለራስ ብቻ ከማልቀስ ለሰብለወንጌል ማልቀስ በጣም ቀለል ያደርጋል። ከዚያ በአንድ ቁጭታ የሚያልቁ አጫጭር ልቦለዶችን ያዢ።

አዲስ አበባ ካለሽ ደግሞ ቤት አትዋዪ። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሂጂ፣ ስልክሽን ዘግተሽ ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። የሱን ፌስቡክ እየከፈቱ ማየት ቁስል መነካካት ነው።

እኔና ባለቤቴ የተግባባነው መጽሐፍ ስንዋዋስ ነው። ያዋሰኝ መጽሐፍ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የሞነጫጨራቸውን አነበብኩ፤ አንዳንዱ ቦታ ከደራሲው ጋር ይከራከራል፣ አንዱ ገጽ ላይ «እናቴም እንዲህ ትላለች» ብሏል። ሰውየውን ሳልወደው በፊት አስተሳሰቡን ወደድኩት። ያኔ ፍቅር እየፈለግኩ አልነበረም።

ድሮ ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወጂ ነበር? ጻፊልኝና የምትጀምሪውን አብረን እንምረጥ።