ለጀማሪ ነርሶች፣ ስለ ልዕልት አሊስ

ልጆቼ ሰላም ናችሁ? ባለፈው አንዷ አዲስ ተመራቂ ቤቴ መጥታ "ሲስተር፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ሰርተው አንድ ምክር ብቻ ቢሉኝስ" አለችኝ። እኔ ደሞ ስለ አንዲት የፈረንጅ ልዕልት ማውራት ጀመርኩ፣ ልጅቷ ሳቀች፣ "ልዕልት ከኛ ጋር ምን አገናኛት" አለች። ቆይ አልኳት። ለናንተም ልንገራችሁ፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

የንግሥት ኤልሳቤጥን ባል ልዑል ፊሊፕን ታውቁት የለ፣ የሱ እናት ናት፣ አሊስ ትባላለች። በ1885 ዊንዘር ቤተመንግሥት ውስጥ ተወለደች፣ ቅድመ አያቷ ንግሥት ቪክቶሪያ ናቸው። ግን ስትወለድ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እያየች የሚለውን መለየት ለመደች፣ እንግሊዝኛም ጀርመንኛም፣ በ1903 የግሪኩን ልዑል እንድርያስን ስታገባ ደሞ ግሪክኛ ተጨመረ። የባልካን ጦርነት በ1912 ሲነሳ ይቺ ልዕልት ቁስለኛ ስታክም፣ ኦፕራሲዮን ላይ ስታግዝ ነው የምናገኛት። እንግዲህ የሙያ ባልደረባችን ናት ማለት ነው።

ከዛ በ1922 ግሪክ በቱርክ ተሸነፈች፣ ባሏ ከጦር አዛዦቹ አንዱ ስለነበር ወታደራዊ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ ከሀገር እንዲባረር ፈረደበት። የእንግሊዝ የጦር መርከብ መጥቶ ወሰዳቸው፣ ፊሊፕ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነበር፣ የብርቱካን ሳጥን ውስጥ አስተኝተው ነው የወሰዱት ይባላል። ፓሪስ አጠገብ ሴን ክሉ የዘመድ ቤት ተጠግተው ኖሩ፣ እሷም ለግሪክ ስደተኞች ገንዘብ የሚያሰባስብ ሱቅ ውስጥ እቃ ትሸጥ ነበር።

አሁን ወደሚያሳምመኝ ነገር ልምጣ። በ1930 ስለ ክርስቶስ የምታወራው፣ በእጄ እፈውሳለሁ የምትለው ነገር እየበዛ ሄደ፣ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ነው ተባለ። ታማ ሊሆን ይችላል፣ እሱን አልክድም። ግን ልጆቿ ወጣ ባሉበት ቀን ነው በመኪና ጭነው ስዊዘርላንድ ክሮይዝሊንገን የሚባል ቦታ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ያስገቧት፣ ሳትፈልግ፣ ሁለት ዓመት ከምናምን ተቀመጠች። ታዋቂው የአእምሮ ሐኪም ፍሮይድ ተማክሮ የሰጠው ሐሳብ እንቁላል ማምረቻዋ በኤክስሬይ ይመታ የሚል ነው! አራቱም ሴት ልጆቿ እሷ እዛ እያለች አገቡ፣ አንዱም ሰርግ ላይ አልነበረችም። ፊሊፕንም ለዓመታት አላየችውም። ይሄ ሁሉ ሲወሰን እሷን ቁጭ አርጎ "አንቺ ምን ትያለሽ" ያላት ሰው ነበር ወይ እያልኩ አስባለሁ።

ይሄን ስላችሁ ንጹህ ሆኜ አይደለም። ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ዋርዳችን አንዲት ሴትዮ ነበሩ፣ ስንጠራቸው አይመልሱም፣ ተነሱ ስንል አይነሱም፣ ካርዳቸው ላይ "አትተባበርም" ተብሎ ተጻፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሶስት ሳምንት በኋላ እህታቸው ከገጠር መጥታ "ጆሮዋ እኮ አይሰማም" አለች። ሶስት ሳምንት ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ግሉኮስ እየሰቀልኩ ነበር የማናግራቸው። ስለዚህ ፊታችሁን ወደ ታማሚው አዙሩ፣ ብርሃን ባለበት ቁሙ፣ ማስክ ካደረጋችሁና የማያሰጋ ከሆነ ማስኩን ዝቅ አድርጋችሁ ተናገሩ፣ ከዛ መልሱን ጠብቁ፣ መልሱ ይዘገያል።

አሊስ በ1938 አቴንስ ተመለሰች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ሲገቡም አልወጣችም። የባሏ ወንድም ቤት ውስጥ ራሔል ኮኸን የምትባል አይሁዳዊት ከልጆቿ ጋር ደበቀች፣ ጌስታፖ፣ የናዚ ሚስጥራዊ ፖሊስ፣ ጎረቤት ማለት ነው! መጥተው ሲጠይቋት ምን እንደሚሉ እንዳልገባት ሆና ደነቆረችባቸው። አስቡት፣ ጀርመንኛ ከከንፈር ላይ የምታነብ ሴት። ነጻነት እስኪመጣ ድረስ ሰዎቹ ተረፉ። እስራኤሎች በ1994 ፊሊፕን ያድ ቫሼም፣ ናዚዎች የፈጇቸው አይሁዶች መታሰቢያ፣ ጠርተው እናቱን አከበሯት፣ እሱም እናቱ ይሄን ነገር ለየት ያለ ስራ ነው ብላ ያሰበችው እንደማይመስለው ተናገረ።

ከጦርነቱ በኋላ የነርስ መነኮሳት ማኅበር አቋቋመች። ምራቷ በ1953 ዘውድ ስትደፋ ያ ሁሉ መኳንንት በጌጥ ሲያብረቀርቅ እሷ በግራጫ የመነኩሲት ልብስ ነበር የገባችው። በ1969 ስትሞት የተገኘላት ንብረት ሶስት የቤት ካባ ነው፣ ሌላውን ሰጥታ ጨርሳለች።

ከሞተች ከ19 ዓመት በኋላ ራሷ እንደተናዘዘችው አጽሟ ኢየሩሳሌም ሄደ፣ ደብረ ዘይት ተራራ ላይ፣ ጌቴሴማኒ ጋ ያለው ባለ ወርቅ ጉልላቱ የሩሲያ ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው ያረፈችው። ለመሳለም የምትሄዱ ካላችሁ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ እኔ የሄድኩ ቀን በሩ ዝግ ነበር።