የአንባቢያን ጥያቄ፦ ውቅያኖስ በሚያቋርጥ መርከብ ላይ መፈናፈኛ ይኖራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እናቴ ከእኔ ጋር ናት፤ እህቴ ደግሞ ለንደን ነው ያለችው። እማዬ አውሮፕላን ላይ እግሯ እያበጠ ስለምትቸገር ዘንድሮ ከኒውዮርክ ሳውዝሃምፕተን በሚሄደው ኩዊን ሜሪ 2 ልወስዳት አስቤያለሁ። ግን 2,700 ሰው እንደሚጭን ስትሰማ «ያን ሁሉ ሕዝብ ይዞ ሰባት ሌሊት? ታፍኜ ልሞት ነው» አለችኝ። እውነት ያን ያህል ይጨናነቃል? (አንባቢ ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ያስፈራቸው ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ብቻውን ግን ብዙም አይነግርሽም። አሥር እንግዳ አንድ ክፍል ቤት ውስጥና ቪላ ውስጥ አንድ አይደለም። መጠየቅ ያለብሽ ለአንድ ሰው ምን ያህል ቦታ ይደርሰዋል ብለሽ ነው። እሱን ደግሞ ቁጭ ብለሽ በስልክሽ ማስላት ትችያለሽ።

የመርከብ ትልቅነት የሚነገረው በግሮስ ቶን ነው። ይህ ክብደት ሳይሆን በጣራና በግድግዳ የተዘጋው የመርከቡ የውስጥ ይዘት ነው። እሱን ለተሳፋሪው ቁጥር አካፍዪው። ኩዊን ሜሪ 2 ወደ 149,000 ግሮስ ቶን ነው፤ ለ2,700 ሲካፈል 55 ገደማ ይመጣል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቦታ ይሰፋል። አሁን እ.ኤ.አ. በ2024 ከማያሚ ሥራ የጀመረውን አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የሚባለውን መርከብ ውሰጂ። 248,663 ግሮስ ቶን፣ 5,610 ተሳፋሪ። 44 ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ግን ልብ በዪ። 5,610 የተባለው በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ይተኛል ተብሎ ነው። ብዙ ክፍሎች ውስጥ ደግሞ ከግድግዳ ወይም ከጣራ የሚወርድ ተጨማሪ አልጋ አለ፣ ሶፋውም ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል። እናትና አባት ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ሲገቡ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፤ አይከን ጢም ብሎ ሲሞላ 7,600 ተሳፋሪ ይይዛል። ያኔ ስሌቱ 33 ገደማ ላይ ይወርዳል። ኩባንያዎች መርከባችን ከ100 በመቶ በላይ ሞላ ብለው ሲያስታውቁ ሦስተኛውና አራተኛው አልጋም ተያዘ ማለታቸው ነው። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ሁለቱንም ቁጥር ጠይቂ፣ አንዱን ብቻ ሰምተሽ አትወስኚ። ሠራተኛው በሁለቱም ውስጥ አይቆጠርም። አይከን ላይ ብቻ 2,350 ሠራተኛ አለ።

እኔን ከቁጥሩ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ካሪቢያን የሚዞር መርከብ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ወደብ ይነካል። ጠዋት ሰዉ ግልብጥ ብሎ ይወርዳል፣ መርከቡም ጭር ይላል። አትላንቲክ መሀል ግን የት ይወረዳል? ሁሉም ሰው፣ ቀኑን ሙሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ነው። በዚያ ላይ የሰሜን አትላንቲክ ነፋስና ጭጋግ በሰኔና በሐምሌም ቀላል ስላልሆነ፣ ውጪ የተደረደረው ወንበር ባዶውን ይቀርና ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ገንዳውና መንሸራተቻው ብዙ የሆነ መርከብ እዚያ ባሕር ላይ ምን ያደርግልሻል? የሚያስፈልግሽ ሳሎኑ፣ ካፌው፣ መስኮት አጠገብ ያለው ወንበር ነው። ኩዊን ሜሪ 2 ለዚሁ መንገድ ተብሎ ስለተሠራ በዚህ በኩል በጣም ይሻላል። ትልቅ ቤተ መጻሕፍትና ፕላኔታሪየም፣ ማለት የከዋክብት ትርዒት የሚታይበት አዳራሽ፣ አለው። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ መርከቡን ዙሪያውን የሚዞር የእንጨት መሄጃ አለ፤ እናትሽ ጋቢያቸውን ደርበው ሲመላለሱበት እግራቸውም ይፍታታል።

ጭንቅንቁ ያለው የተወሰነ ቦታና ሰዓት ላይ ነው። ወደብ በሌለበት ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቡፌው ጋ ብትሄጂ፣ ሰው በአንድ እጁ ሳህን በሌላው ቡና ይዞ መሀል ላይ ቆሞ ጠረጴዛ በዓይኑ ይፈልጋል። አንዱ በልቶ ሳይነሳ ሌላው አጠገቡ ይገተራል። እንቁላል የሚጠበስበት ጋ ሰልፍ ነው። በዚያው ሰዓት ታች ያለው ዋናው ምግብ ቤት፣ ተቀምጠሽ አስተናጋጅ የሚታዘዝሽ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ቦታ አለው፤ ክፍያውም ቲኬቱ ውስጥ ነው። እናትሽን ወደዚያ ይዘሽ ውረጂ። ሌላው ሊፍት ነው። ትርዒት ሲያልቅ መቶዎች በአንዴ ስለሚወጡ አሥር ደቂቃ እዚያው ተቀምጣችሁ ብትቆዩ ትገላገላላችሁ። ክፍል ስትመርጪ ከመርከቡ መሀል፣ ከታችኛው ፎቅ፣ ለሊፍት የቀረበ ይሁን። መወዛወዙም እዚያ ይቀንሳል።

ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ በአብዛኛው ቀን ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋ የእናትሽን የመድኃኒት ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። ፓስፖርታቸው የኢትዮጵያ ከሆነም ለእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ ግሪን ካርድ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ከባርሴሎና ማያሚ፣ 14 ሌሊት፣ በኅዳር። ዋጋው ከለመድኩት በጣም ስለወረደ ተጠራጠርኩ። መርከቡ ደግሞ ከ5,000 ሰው በላይ የሚይዝ ነው። ሰው በሰው ላይ አጭቀው ነው እንዴ የሚያረክሱት? (አንባቢ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። መርከቦቹ የአውሮፓን ሞቃት ወራት ሜዲትራኒያን ላይ ይሠሩና ብርዱ ሲመጣ ወደ ካሪቢያን ይዛወራሉ፤ በሚያዝያ አካባቢ ደግሞ ይመለሳሉ። ሰው ኖረም አልኖረም መሻገራቸው አይቀርም፤ ባዶ ከሚሄዱ ቀንሰው ይሸጣሉ። ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፣ ሠራተኛው ሁለት ሳምንት ፈቃድ በቀላሉ አያገኝም፣ ስለዚህ የሚሳፈረው በአብዛኛው ጡረተኛ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው አልጋ አይነካም። ያው መርከብ በሐምሌ ከሚይዘው ሰው በጣም ያነሰ ይይዛል ማለት ነው።

ግን የጡረተኛ መርከብ ጸጥ ያለውን ቦታ ሁሉ ጠዋት በጠዋት ይሞላዋል። የመጻሕፍቱ ክፍል፣ የካርታ መጫወቻው፣ ንግግር የሚደረግበት አዳራሽ ቶሎ ይያዛል። የልጆቹ መጫወቻ ጭር ይላል፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ደግሞ ኮሪደሩም እንደዚያው። ወደ ምዕራብ ስለምትሄድ በተደጋጋሚ 25 ሰዓት ያለው ቀን ታገኛለህ፤ እንቅልፍ ለሚወድ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውን ስታወዳድር ግን መመለሻህን በአውሮፕላን ጨምረህ አስላ።

ጥያቄ፦ አንድ መርከብ ላይ ሰባት ሺህ ሰው ከነሠራተኛው! ታይታኒክ ላይ ጀልባ አልበቃም ነበር። ዛሬስ ለሁሉም ይበቃል? (አንባቢ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይበቃል። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሰምጥ 2,200 ያህል ሰው ነበረበት፤ ጀልባዎቹ የሚይዙት 1,178 ብቻ ነበር። በ1914 ለንደን ላይ ሶላስ የሚባለው የባሕር ደህንነት ስምምነት የተፈረመው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ በዚሁ ስምምነት ጀልባውና የሚነፋው ራፍት ተደምሮ፣ መርከቡ ላይ ካለው ሰው 125 በመቶ መያዝ አለበት። ሠራተኛውም ይቆጠራል።

እኔ ይበልጥ የምፈራው ሰዉ የት እንደሚሄድ አለማወቁን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ከ4,200 በላይ ሰው ይዞ ጣሊያን ዳርቻ ከአለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰው ሲሞት፣ በዚያው ቀን የተሳፈሩት የአደጋ ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ያኔ ደንቡ 24 ሰዓት ይሰጥ ነበር። አሁን ልምምዱ ከመነሳት በፊት ወይም እንደተነሱ ወዲያው ነው። እባካችሁ አትዝለሉት። መሰብሰቢያችሁ የት እንደሆነ በስልክ አይታችሁ ብቻ አትቅሩ፤ ከክፍላችሁ ተነስታችሁ በደረጃ እስከ ቦታው ድረስ በእግራችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ የሚያዝያው ጉዞ ሁዳዴ ውስጥ ወደቀብን። የጾም ምግብ ይገኛል? (ባልና ሚስት ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ይገኛል፣ ግን ቀድማችሁ ተናገሩ። ለሺዎች የሚያበስል ኩሽና በመጨረሻ ሰዓት የሚጠየቀውን ለማድረስ ይቸገራል። ስትመዘገቡ «ቪጋን» ብላችሁ አስሞሉ። «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ እንቁላልና ቅቤ ይመጣላችኋል። መርከቡ ላይ በመጀመሪያው ማታ የአስተናጋጆቹን ኃላፊ አግኙና የምትጾሙበትን ሰዓትም ንገሩት፤ የነገውን ምሳ ዛሬ ማታ ከዝርዝሩ ላይ እንድትመርጡ ያደርጋል። ሚጥሚጣና በርበሬ ከቤት ያዙ።